ያልተለካ ውሃ፦ የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻን ሙያ ሲዳሰስ

ኢትዮጵያ በአስራ ሁለት ተፋሰሶቿ በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል የገጸ ምድር ውሃ አላት ሲባል ያልሰማ የለም። ቁጥሩ ከተማሪ መጽሐፍ እስከ መንግሥት ዕቅድ ድረስ ሲጠቀስ ኖሯል። የከርሰ ምድር ውሃችን ግን እንዲህ የረጋ ቁጥር የለውም፤ ለረጅም ጊዜ 2.6 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲባል ቆይቶ፣ ኋላ የመጡ ግምቶች ከ30 ቢሊዮን በላይ አድርሰውታል። ለአንድ ሀብት ከአስር እጥፍ በላይ የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች ሲቀርቡ፣ በመካከሉ የጨመረ ውሃ የለም፤ ቀድሞም የምናውቀው ጥቂት ነበር ማለት ነው። የገጸ ምድሩም ቁጥር ቢሆን ጽኑነቱ የሚለካው ከሥሩ ባሉት ልኬቶች ነው። እያንዳንዱ የወንዝ መረጃ መነሻው ወንዝ ዳር ቆሞ የለካ ሰው ነው፤ ሰው ካልቆመበት ቦታ የሚመጣው ግምት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሰው፣ የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻኑን ሙያ ይዳስሳል። የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው፦ የአገሪቱ የውሃ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የሚጠነክረውም የሚላላውም የሠለጠነ ለኪ በክረምት ሙላት ጊዜ ወንዙ ላይ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነው። መሣሪያውም፣ ጥናቱም፣ ግድቡም ከዚያ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ሥራውን በቅርብ ካላየነው ክርክሩ መሠረት አይኖረውም። በአንድ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ዋናው ዕቃ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ፣ በድልድይ ምሰሶ ወይም ዳር ላይ በተተከለ ብረት የታሰረ የከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ነው፤ ባለሙያዎቹ ስታፍ ጌጅ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ጌጅ አንባቢ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ከፍታውን አይቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ይህ ግን ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ እንጂ ምን ያህል ውሃ እንዳለፈ አይናገርም። ፍሰቱን ለማወቅ ቴክኒሻኑ ይመጣል። ወንዙ ሲጎድል በእግሩ ገብቶ፣ ሲሞላ ደግሞ ከድልድይ ወይም ከዳር እስከ ዳር ከተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ከረንት ሜትር የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ያወርዳል፤ ጅረቱ ጠልፎ እንዳይወስደው ከሥሩ የዓሣ ቅርጽ ያለው ከባድ ብረት ይንጠለጠላል። የወንዙን ስፋት ሃያ ያህል ቦታ ይከፋፍለዋል። በየቦታው አስቀድሞ ጥልቀቱን ይለካል፤ ቀጥሎ ውሃው ጥልቅ ከሆነ ከገጹ ወደ ታች በጥልቀቱ 20 በመቶና 80 በመቶ ላይ፣ ጥልቅ ካልሆነ 60 በመቶው ላይ መሣሪያውን አቁሞ በውሃው የሚሽከረከረውን የመዘውሩን ዙር በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጠ በሰከንድ መቁጠሪያ ይቆጥራል። ዙሩ ፍጥነትን ይሰጣል፤ ፍጥነቱ በስፋትና በጥልቀት ሲባዛ የዚያ ክፍል ፍሰት ይገኛል፤ የክፍሎቹ ድምር ወንዙ በዚያች ሰዓት የሚያሳልፈው ውሃ ነው። ሥራው እስኪያልቅ የውሃው ከፍታ ሊለወጥ ስለሚችል ጌጁ በመጀመሪያም በመጨረሻም ይነበባል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ያጓደለ ሰው ቁጥር አያጣም፤ የሚያጣው ቁጥሩ የሚታመንበትን ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ልኬት ወንዙ በተለያየ ከፍታ ላይ ሳለ ደጋግሞ ሲወሰድ፣ ከፍታን ከፍሰት ጋር የሚያገናኝ ሬቲንግ ከርቭ የተባለ ኩርባ ይወጣለታል። ኩርባው እንደ ገንዘብ ምንዛሬ ነው፤ አንባቢው በየቀኑ የጻፈውን ሴንቲሜትር ወደ ሜትር ኪዩብ የሚመነዝረው እሱ ነውና፣ ምንዛሬው ካረጀ ሂሳቡ በሙሉ ይበላሻል። የሚያረጀውም ቶሎ ነው። ደለል የሚሸከሙት የደጋ ወንዞች በአንድ ክረምት ወለላቸውን ይሞላሉ ወይም ይቦረቡራሉ፤ አምና በሁለት ሜትር ከፍታ ያለፈውና ዘንድሮ በሁለት ሜትር ከፍታ የሚያልፈው ውሃ እኩል ላይሆን ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ልኬቱ የሚወሰድበት ወቅት ነው። በበጋ መንገዱ ይደርቃል፣ ወንዙ ይረጋል፣ መኪናም ይደርሳል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንዙ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፤ ገመዱ ላይ መቆም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ የብዙ ጣቢያዎች ኩርባ ከታች በኩል በልኬት የተሞላ፣ ከላይ በኩል ግን በስሌት የተቀጠለ ነው። አባይን የመሰሉ ወንዞች ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ውሃ የሚያሳልፉት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በሚገባ የለካነው ጥቂቱን ውሃ፣ የገመትነው ብዙውን ይሆናል። ስሕተቱም ባለበት አይቆምም፤ በሰፊ ወንዝ ላይ የጥልቀቱ ግምት በ10 በመቶ ቢዛነፍ ፍሰቱ በ17 በመቶ ያህል ይዛነፋል። በትንንሽ ወንዞች ላይ ደግሞ ሌሊት ሞልቶ ሳይነጋ የሚጎድለውን ደራሽ ውሃ የጠዋትና የማታ ንባብ ጨርሶ አያየውም።

ይህ ሙያ በእኛ ውሃ ላይ ረጅም ታሪክ አለው፤ አብዛኛው ታሪክ ግን የተጻፈው ከእኛ ውጭ ነው። በካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው የአባይ ሙላት መለኪያ የተሠራው በ861 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የካይሮ የሙላት መዝገብ ከዚያም ቀድሞ ከሰባተኛው መቶ ዘመን ይጀምራል። ያ መዝገብ በአመዛኙ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የወረደ ክረምት ታሪክ ነው። በግብፅ ሲሠራ የኖረው እንግሊዛዊ የሃይድሮሎጂ ሊቅ ሃሮልድ ኸርስት ይህን የመሰሉ ረጃጅም መዝገቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ የድርቅ ዓመታት ከድርቅ፣ የጥጋብ ዓመታትም ከጥጋብ ጋር ተከታትለው እንደሚመጡ፣ በዚህም የተነሳ የውሃ ማጠራቀሚያ ከተራ ስሌት የበለጠ ስፋት እንደሚያስፈልገው አሳየ። በዓለም ላይ በልዩ ልዩ የሳይንስ ዘርፎች ዛሬም የሚጠቀስ ግኝት ከእኛ ዝናብ ወጣ፤ መዝጋቢው ግን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ሲከፋፈሉ መነሻ ያደረጉት አስዋን ላይ የተለካውን የ84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ዓመታዊ አማካይ ነው፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪው ለትነት ተብሎ ተደለደለ። በራሳችን በኩል የአባይ ተፋሰስ በስፋት መለካት የጀመረው በዚያው ዘመን፣ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1964 በቀረበው ጥናት ነው። ያ ጥናት የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎችን ተከለ፤ ዛሬ የሕዳሴው ግድብ ካለበት ብዙም ሳይርቅ ግድብ ሊሠራ እንደሚችልም አመለከተ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀጥተኛ ነው፦ የለካ ይደራደራል፣ ያልለካ በሌላው ቁጥር ይዳኛል።

ዛሬስ የት ነን? ከአገሪቱ ውሃዎች በብዛት ከተጠኑት አንዱ የሆነውን ጣናን እንውሰድ። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ዋና ዋና ወንዞች፣ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ መለኪያ ጣቢያ አላቸው። ሆኖም ጣቢያ ከሌላቸው አካባቢዎች ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ፣ አንዱ ጥናት ከጠቅላላው ከአስር በመቶ በታች ሲያደርገው ሌላው ከ40 በመቶ በላይ አድርጎታል። አጥኚዎቹ ብቃት አጥተው አይደለም፤ ያልተለካውን ቦታ እያንዳንዱ በራሱ ዘዴ መሙላት ግድ ሆኖበት ነው። ጣቢያ ባለበትም ቢሆን ርብና ጉማራ በክረምት ከዳር ወጥተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲንጣለሉ፣ በጌጁ ፊት የማያልፈው ውሃ ከመዝገብ ውጭ ይሆናል። ጣና እንዲህ ከሆነ፣ መንገድ ያልደረሰባቸው የገናሌ፣ የዋቢ ሸበሌና የባሮ ገባሮች እንዴት ሊሆኑ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለተራራማ አካባቢ በየ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩ፣ ለሜዳማው በየ1,875 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ አንድ የወንዝ ፍሰት ጣቢያ እንዲኖር ይመክራል። ጣቢያዎቻችን ግን በብዛት የሚገኙት መንገድና ድልድይ ባለበት ነው። ደግሞም ብዛቱ ብቻውን አያጽናናም፤ ከሥሩ ልኬት የሌለው ጌጅ ሰሌዳ እንጂ ጣቢያ ሊባል አይችልም።

የጉድለቱ ዋጋ በወረቀት ላይ አይቀርም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ደራሽ ውሃ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ። ጎርፍን መለኪያ አያቆመውም። ነገር ግን ከላይኛው ተፋሰስ የሚነሳ ማስጠንቀቂያ ሊኖር የሚችለው፣ እዚያ ላይ ያለው ከፍታ ስንት ሰዓት ቆይቶ ከታች ምን ያህል ውሃ እንደሚሆን የሚያሳይ መዝገብ ሲኖር ነው። በቀስታ የሚመጣውም ጥፋት እንዲሁ ነው። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በመስኖ፣ በከተማ ፍጆታና በደለል ተዳክሞ ደርቆ ነበር፤ መተሐራ አጠገብ ያለው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከነበረው ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነስቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቶ እርሻና መንገድ ውጧል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሲሞላ፣ ሁለቱም ዓመታት ፈጅተዋል። የሐይቅ ጌጅና የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ንባብ የሚያስፈልገው ለውጡ በዓይን ከመታየቱ በፊት በሴንቲሜትር እንዲታይ ነው። ግድቦቻችንን የሚሞላው ደለልም ከዚሁ ይመደባል። የቆቃና የጎንደሩ አንገረብ ግድቦች በደለል ብዙ የመያዝ አቅም አጥተዋል፤ የግድብ ዕድሜ ከመሠራቱ በፊት በትክክል የሚሰላው በሙላት ጊዜ ከወንዙ በጠርሙስ እየተቀዳ በቤተ ሙከራ በተመዘነ ደፍራሽ ውሃ ነው።

ይህ ሁሉ በአገራችን አይቻልም የሚል ካለ ምሥክር አለ። በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ እ.ኤ.አ. በ1981 በወሎ ማይባር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም፣ በጎጃም አንጀኒንና በሸዋ አንዲት ጥድን ጨምሮ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ትንንሽ ተፋሰሶችን መርጦ ዝናቡን፣ ፍሰቱንና የሚታጠበውን አፈር ማስለካት ጀመረ። ዝናብ ሲጥል የወንዙን ከፍታ የሚከታተሉት፣ ደፍራሹን ውሃ በጠርሙስ የሚቀዱት እዚያው የሚኖሩና በቦታው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ ደጋ አፈር መሸርሸር በዓለም መጽሔቶች የታተመው ዕውቀት ጉልህ ክፍል በእነዚህ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ የቆመ ነው። እነዚህን ጣቢያዎች ልዩ ያደረጋቸው የመሣሪያቸው ውድነት ሳይሆን ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰው እዚያው ኖሯል፤ ጎርፉ በሚመጣበት ሰዓት ተለክቷል፤ መዝገቡም ዓመት ከዓመት ተጠብቋል። በሌሎቹ ጣቢያዎች ይህን ላለማድረጋችን የምንሰጠው ሰበብ በማይባር ፊት አይቆምም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ፣ ዘመኑ የሳተላይት ነው የሚለው ነው። ነገሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቁት ግሬስ የተባሉ መንትያ ሳተላይቶች የምድርን የስበት ለውጥ በመከታተል የከርሰ ምድር ውሃ በሰፊ አካባቢ መጉደሉንና መሙላቱን አሳይተዋል፤ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ስዎት ደግሞ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸውን ወንዞችና የሐይቆችን ከፍታ ከሕዋ ያነባል። ድንበራቸውን ለማይከፍቱ አገሮች ወንዞችና መንገድ ለማይደርስባቸው ተፋሰሶች ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ግሬስን የመሰለ ሳተላይት የሚያየው በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋን አካባቢ በጥቅሉ ነው፤ አንድ ወረዳ የት ጉድጓድ ይቆፍር ለሚለው መልስ የለውም። ስዎት አንድን ቦታ ደግሞ እስኪያይ ቀናት ያልፋሉ፤ ደቻቱን የመሰለ ደራሽ ውሃ የሚያልፈው በሰዓታት ነው። ከሁሉም በላይ ከወንዝ ሳተላይት የሚያነበው ገጹን ነው፤ ከገጹ በታች ያለውን ጥልቀትና ፍጥነት የሚያሰላው በሞዴል ሲሆን፣ ሞዴሉም ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው መሬት ላይ ከተለካ ፍሰት ጋር ሲነጻጸር ነው። ማነጻጸሪያው ራሱ በስሌት የተቀጠለ ኩርባ ከሆነ፣ ግምትን በግምት ማረጋገጥ ይሆናል። ስለዚህ ሳተላይቱ በበዛ ቁጥር የታመነ የመሬት ልኬት ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ አውቶማቲክ መሣሪያን ይጠራል። ድልድይ ላይ የሚሰቀል ራዳርና ንባቡን በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ ዳታ ሎገር በየአስራ አምስት ደቂቃው ከፍታውን ያስተላልፋል፤ ሌሊቱንም አይስተውም። ይህ ከሁለት ጊዜ ንባብ እጅግ ይሻላል፤ መስፋፋትም አለበት። ሆኖም መሣሪያው የሚልከው ያንኑ ከፍታ ነው፤ የምንዛሬው ሥራ አሁንም የሰው ነው። ባትሪው ይደክማል፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ይሰረቃል፣ በውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ዳሳሽ በደለል ይቀበራል፤ ማንም ሳይጎበኘው የሚልከው የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ከባዶ መዝገብ ይከፋል፣ እውነት መስሎ ይገባልና። በድምፅ ሞገድ ፍሰትን የሚለካው ዘመናዊ መሣሪያም ሰዓታት የሚፈጀውን ልኬት ወደ ደቂቃዎች ያሳጥራል፤ በሙላት ጊዜ ያለውንም አደጋ ይቀንሳል። ግን በትንሽ ጀልባ ታስሮ ወንዙን የሚያቋርጠው የሠለጠነ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ነው፤ ወለሉ አብሮ በሚንቀሳቀስበት ደለላም ወንዝ ላይ ንባቡን የሚያርመውም ይኸው ሰው ነው። ቴክኖሎጂው የሙያውን ደረጃ ከፍ አድርጎታል፤ ሙያተኛውን ከሥራ አላሰናበተውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከድህነት የሚነሳ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል፦ ንጹሕ ውሃ ያልደረሰው ሕዝብ ባለበት አገር ውሃ ለመቁጠር ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም ወይ? መልሴ፣ ያልለካነው ውሃ በድሀ ገንዘብ ላይ የሚያደርሰውን ኪሳራ እንቁጠር የሚል ነው። ውሃ ሳይኖረው የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከወንዙ የበጋ ፍሰት በላይ የታቀደ መስኖ፣ በሙላት የተወሰደ ድልድይ፣ ማስተንፈሻው ጠብቦ ለአደጋ የተጋለጠ ግድብ፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥር በጎደለበት የሚወለዱ ናቸው። የግድብ ማስተንፈሻ የሚነደፈው በመቶ ወይም በሺህ ዓመት አንድ ጊዜ ሊመጣ ለሚችል ሙላት ነው፤ ያ ሙላት የሚሰላው ደግሞ ከኩርባው ላይኛ ጫፍ፣ ማለትም ማንም ካልለካው ክፍል ነው። ለአንድ ቴክኒሻን ሙሉ ክረምት የሚወጣው ውሎ አበልና ነዳጅ ከአንድ የፈረሰ ግንባታ ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ቅንጦት የሚባለው ሳይለኩ መገንባት ይሆናል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ በይፋ አይነገርም፤ ውሃችንን በትክክል ለክተን ብናሳውቅ መረጃው በድርድር ላይ በእኛው ላይ ይውላል የሚል ስጋት ነው። የታችኞቹ አገሮች ግን በየድንበራቸውና በየግድባቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩ ኖረዋል፤ የእኛ ዝምታ ከእነሱ የደበቀው ብዙ ነገር የለም። የደበቀው ከእኛ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ በመሆኑ፣ ከእንግዲህ ጥያቄው ውሃውን ለመያዝ መብት አለን ወይ ከሚለው አልፎ፣ በድርቅ ዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተነነ ወደሚለው ይሸጋገራል። ለዚህ በመተማመን የሚመልስ አገር ከግድቡ በላይ ባሉት ገባሮች ሁሉ የራሱ፣ ሊመረመር የሚችል መዝገብ ያለው ነው።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ከዚሁ ይከተላል። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ምንጭ የውሃ መሐንዲሶችን ሲያፈራ ኖሯል፤ በጃፓን ድጋፍ የተጀመረውና ዛሬ የኢትዮጵያ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው ማዕከልም ቴክኒሻኖችን ያሠለጥናል። የጎደለው ከሥልጠና በኋላ ያለው ሕይወት ነው። ጥሩ ለኪ ደረጃ ለማደግ ወንዙን ትቶ ቢሮ መግባት የሚገደድበት አሠራር ምርጡን ሰው ከሚያስፈልግበት ቦታ ያርቃል፤ ስለዚህ በመስክ ልምድ ብቻ እስከ ከፍተኛ ባለሙያነት የሚያደርስ የዕድገት መሰላል ያስፈልጋል። የሙላት ልኬት ቡድኖች በጋ ላይ ለጉብኝት ከሚመላለሱ ይልቅ ከሐምሌ እስከ መስከረም በተመረጡ ጣቢያዎች አጠገብ ሊሰፍሩ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ የተፈተነ ገመድና ኢንሹራንስ ሊኖራቸው ይገባል። የጌጅ አንባቢው ትንሽ ክፍያ ሳይዘገይ ይድረሰው፤ የዘገየ ክፍያ ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ንባብን ይወልዳልና። እያንዳንዱ የሚታተም ፍሰትም የተለካ ነው ወይስ ከኩርባው ልኬት በላይ የተቀጠለ የሚል ምልክት ይኑረው፤ ይህ አንድ አምድ ብቻ ለዲዛይን መሐንዲሱም ለተደራዳሪውም የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ይነግረዋል። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ሳይንስ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቁት የውሃ ለኪን ሥራ ከግንባታው ጋር እኩል የአገር መሠረት አድርጎ በጀት ላይ ማስፈርን ነው፤ ይህም በሚቀጥለው ክረምት ሊጀመር የሚችል ውሳኔ ነው።